ረቂቅ አይደለም፣ ሩቅ ነው!

«ሮቦቱ በራሱ ያስባል» አልክ አሉ። በራሱ! ሚስትህ ገበያ ስትልክህ «ቀይ ሽንኩርት ነው ያልሽኝ ነጭ?» ብለህ ሦስት ጊዜ የምትደውለው ሰውዬ፣ ለብረት ማሰብ ምስክር ሆነህ ቀረብክ። አንተ ራስህኮ የምትሠራው በርቀት ነው! እዚህ ካምፓላ፣ ካባላጋላ ሰፈር ያለ ሐበሻ በሙሉ ሰማህ። ቡና ቤቱ ውስጥ ጀበናዋ ሳትቀር ጆሮዋን ቀሰረች።

እናንተ ጠጋ በሉ። ዛሬ ዳኞች ናችሁ። ይህ ሰው ማስረጃ አለኝ ይላል። ማስረጃው ምንድነው? ሠላሳ ሰከንድ የማይሞላ ቪዲዮ፣ ያውም ሙዚቃ የተደረበበት። «በዓይኔ ነው ያየሁት!» ይላል። በዓይንህማ እዚህ ካምፓላ ስንቱን አይተሃል! ቦዳ ቦዳ ሞተር ላይ ሦስት ሰው፣ አንድ ፍራሽና አንዲት ፍየል ተጭነው ሲከንፉ አይተሃል። ያኔ ፍየሏ ናት የምትነዳው አላልክም። ሮቦት ላይ ስትደርስ ግን ሹፌሩን ትተህ መንጃ ፈቃዱን ለፍየሏ ሰጠሃት።

እሺ፣ ቪዲዮህን እንየው። የቴስላ ነው። ኦክቶበር 10 ቀን 2024። (ቀኑን በፈረንጅ የምቆጥረው ወድጄ አይደለም፤ ሮቦቶቹ ጳጉሜን አያውቁም።) ቦታው ካሊፎርኒያ፣ በርባንክ፣ የዋርነር ብራዘርስ ስቱዲዮ። ልብ በል፣ የፊልም ስቱዲዮ! ቦታው ራሱ እውነቱን እየነገረህ ነው። ኦፕቲመስ የተባለው ሮቦት መጠጥ ቀዳ፣ ጨፈረ፣ ከእንግዳ ጋር ተቃለደ። አንዱ እንግዳ ጠጋ ብሎ ጠየቀው። ሮቦቱ ምን ቢል ጥሩ ነው? ዛሬ ሰው እያገዘኝ ነው አለ። ሮቦቱ አመነ! አንተ ግን ካድክለት። ተከሳሹ «አዎ፣ ጥፋተኛ ነኝ» ሲል ጠበቃው ይግባኝ የሚጠይቅበት ችሎት ያንተ ብቻ ነው።

ኦፕቲመስ ትለዋለህ። ኦፕሬተርስ በለው።

ደግሞ የዚህን ቤት የዘር ሐረግ ታውቃለህ? በኦገስት 2021 ሮቦት ልንሠራ ነው ብለው መድረክ ላይ ያወጡት ነጭ ልብስና ጥቁር ጭንብል ያጠለቀ ዳንሰኛ ነበር። ሰው! እነሱም ሰው ነው ብለው አልደበቁም። ያን ጊዜ ሰው ሮቦት መስሎ መጣ። በሦስት ዓመቱ ሮቦት ሰው መስሎ መጣ። አንተ ዕድገት አልከው። እኔ ዝውውር እለዋለሁ፦ ሰውዬው ከልብሱ ወጥቶ ጓዳ ገባ።

«ሸሚዝ ሲያጥፍስ?» አልክ። እሰይ! እሷን እየጠበቅኩልህ ነበር። ጃንዋሪ 2024። ኦፕቲመስ ከቅርጫት ሸሚዝ አወጣ፣ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋ፣ እጅጌውን አጠፈ። አንተ ሸሚዙን አየህ። እስቲ ስልክህን አምጣ፣ ወደ ፍሬሙ ጥግ፣ ወደ ታች ተመልከት። አንዲት ጓንት ያጠለቀች እጅ ብቅ ጥልቅ ትላለች። ሮቦቱ ሲያነሳ ታነሳለች። ሮቦቱ ሲቆነጥር ትቆነጥራለች። «እጅና ጓንት» ሲባል ስንት ዓመት ሰምተህ ዛሬ በቪዲዮ ቢያሳዩህ አላየኸውም! ኢሎን መስክ ራሱ ቆየት ብሎ ሮቦቱ ገና ይህን በራሱ አይችልም ሲል ጻፈ። ባለቤቱ ከተናገረ በኋላ የምትከራከረው የማን ጎረቤት ሆነህ ነው?

አሠራሩን ቀስ ብዬ ላስረዳህ፤ ቶሎ ካልኩ ይሞቅብሃል። አንድ ሰው ሌላ ክፍል ወይም ሌላ አገር ይቀመጣል። ዓይኑ ላይ ዓለምን የሚያሳይ መነጽር፣ እጁ ላይ ጓንት ወይም መቆጣጠሪያ። የሮቦቱ ካሜራ ያየውን ሰውዬው ያያል። ሰውዬው እጁን ሲያነሳ ሮቦቱ ያነሳል። ያ ሁሉ እንቅስቃሴ ይቀዳና ነገ ሮቦቱን ማሠልጠኛ ይሆናል። ማለትም ዛሬ አንተ «ምሁር» ያልከው ብረት ገና ተማሪ ነው፤ ያውም አስተማሪው እጁን ይዞ የሚያጽፈው። የአጻጻፉን ቁንጅና አይተህ ዲግሪ የሰጠኸው አንተ ነህ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። አያቶችህ ያውቁታል። ጠንቋይ ቤት ተራ የሚጠብቅ ሰው አጠገብ አንድ ለዛ ያለው «ባለጉዳይ» ይቀመጣል። «ከየት ነህ? ምን ገጠመህ?» እያለ ያወጣጣዋል። ከዚያ ላፍ ብሎ ጓዳ ይገባል። ጥቂት ቆይቶ ጠንቋዩ ከመጋረጃው ጀርባ «ቀይ በሬ ጠፍቶብሃል!» ሲል፣ በሬ የጠፋበት ሰውዬ በቁሙ ይርዳል። ወሬኛው ሠራ፣ ውቃቢው ተመሰገነ። አሁን ወሬኛው መነጽር አጥልቋል፣ መጋረጃው ዋይፋይ ሆኗል። የሚርደው ሰው ግን ያው ነው። በግብር የወረስከው አያትህን ነው።

«ቻይኖቹስ! እግሩን ቀደው አሳዩኮ!» አልክ። አዎ፣ ቀደዱት። ኖቬምበር 2025 ላይ ኤክስፔንግ የተባለው መኪና ሠሪ አይረን የሚለውን ሮቦት አቀረበ። አረማመዱ እንደ ሞዴል ውልብ ውልብ ስለሚል፣ ተመልካቹ «ውስጡ ሰው አለ!» ብሎ ተንጫጫ። ሊቀመንበሩ ሂ ሺያኦፔንግ መድረክ ላይ የእግሩን ልብስ በመቀስ አስቀደዱት። ውስጡ ብረት ሆኖ ተገኘ። አንተም «ይኸው!» ብለህ ጠረጴዛውን መታህ፣ የሰው ቡና ደፋህ።

ወንድሜ፣ ኤክስፔንግ ዋሸ አላልኩም፤ አረማመዱ የራሱ የሮቦቱ ሊሆን ይችላል። እኔ የምልህ የመቀሱን ነው። መቀስ ውስጥ ያለ ሰው ያገኛል። ሩቅ ያለ ሰው በመቀስ አይገኝም! አንተ ግን ሆዱን፣ እግሩን፣ ብብቱን ፈትሸህ ሰው ስታጣ «ረቂቅ ነው» አልክ። ረቂቅ አይደለም የኔ ጌታ፤ ሩቅ ነው።

ደግሞ በር ከፍቶ ማሳየት የተጀመረው ትናንት መሰለህ? በ1770 ቮልፍጋንግ ፎን ኬምፔለን የሚባል ሰው በኦስትሪያዋ ገዢ በማሪያ ቴሬዛ ፊት ቼዝ የሚጫወት አሻንጉሊት አቀረበ። ጥምጥም የጠመጠመ የእንጨት ቱርካዊ፣ ከፊቱ ሣጥን። ከጨዋታው በፊት የሣጥኑን በሮች ተራ በተራ እየከፈተ፣ ሻማ እያበራ፣ ጥርስ ያላቸውን መዘውሮች ለታዳሚ ያሳይ ነበር። «ውስጡ ሰው የለም!» ሰው ግን ነበረ፤ ያውም የለየለት የቼዝ አዋቂ፣ በሮቹ ሲከፈቱ ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተት። በ1809 ናፖሊዮን ሳይቀር ተጫውቶ ተሸነፈ። በል እንግዲህ ተጽናና፤ ሞኝነትህ የንጉሥ ዘር አለበት። ልዩነቱ፣ ናፖሊዮን ቢያንስ አውሮፓን ይዞ ነበር። አንተ የያዝከው ስልክ ነው፣ እሱም ባትሪው ሊያልቅ ነው።

ቆይ፣ ሩቅ ምን አስኬደኝ! ሶፊያን ረሳሃት? እዚህ ላይ ቀኑን በኛ ልቁጠር፣ የቤት ጉዳይ ነውና። ሰኔ 2010 ዓ.ም.። ሶፊያ፣ የሆንግ ኮንጉ ሃንሰን ሮቦቲክስ ልጅ፣ አዲስ አበባ መጣች። ከሶፍትዌሯ ከፊሉ የተሠራውኮ እዚያው አዲስ አበባ ነው፦ ጌትነት አሰፋ ከቤን ጎርዘል ጋር ባቋቋሙት አይኮግ ላብስ። ኩራት ነው፣ እሱ ላይ አልቀልድም። ግን ምን ሆነ? የአካሏ ክፍሎች ያሉበት ሻንጣ ፍራንክፈርት አየር ማረፊያ ቀረ። ጋዜጣዊ መግለጫው ተሰረዘ። አገር «ምን ታስብ ይሆን?» እያለ ሲጠብቅ፣ የምታስብበት ዕቃ ጀርመን ነበር! ኋላ ሻንጣው ተገኝቶ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋር ሳይቀር ተገናኘች። ሰው ሠራሽ፣ ሰው ጻፈልሽ፣ ሰው ሻንጣሽን ረሳብሽ።

«እሷ ግን በኦፕሬተር አይደለም የምትሠራው» አልክ። ጎሽ፣ አንድ ቁምነገር ተናገርክ፤ ቀኑን ጻፉልኝ። ጎርዘል የዚያን ጊዜ የሃንሰን ሮቦቲክስ ዋና ሳይንቲስት ነበር፣ እሱም በፈረንጅ 2017 አልደበቀም። አንዳንዴ አስቀድሞ የተጻፈላትን ታነባለች። አንዳንዴ የሰውን ቃል ሰምታ ከተዘጋጁ መልሶች ትመርጣለች። አንዳንዴ ደግሞ የምርምር ሶፍትዌር ይሞከርባታል። ስለዚህ መድረክ ላይ ያየኸው ሮቦት ሁሉ ወይ «በሰው የሚነዳ» ወይ «በራሱ የሚያስብ» አይደለም። ሦስተኛ አለ፦ በቃሉ የሸመደደ። እሱን እንኳ ልታውቀው ይገባ ነበር፤ ማትሪክን ያለፍከው በሱ ነው።

ያን ሰሞን ያን ለኩን፣ የያኔው የፌስቡክ የሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) ሊቅ፣ ነገሩ ከምርምር ይልቅ የእጅ ቅልጥፍና ነው ብሎ በአደባባይ ወረደባት። እሷ ምን ገዷት! በኦክቶበር 2017 ሳዑዲ ዓረቢያ ዜግነት ሰጥታት ነበር፣ መድረክ ላይ፣ በጭብጨባ። በዚያው ዓመት የኛን ልጆች «ፈቃድ የላችሁም፣ ውጡ» እያለች ነበር። አየህ፣ ችግራቸው ሐበሻ መሆናቸው አልነበረም። አጥንትና ሥጋ መሆናቸው ነው። አንተ ራስህ እዚህ ካምፓላ ወረቀትህን ለማሳደስ ወረፋ ስትይዝ ከጭንቅላትህ አንድ ቡሎን አስወጥተህ ብትሄድ ይሻልሃል። አንዱ ላልቷል፣ አይከብድህም።

«ሮጠስ? ማራቶን ሮጠኮ!» እዚህ ላይ አንገትህን አቀናህ። ስለ ሩጫ ነው ለሐበሻ የምትነግረው? ያውም ዩጋንዳ ቁጭ ብለህ? ኤፕሪል 19 ቀን 2025፣ ቤጂንግ፣ ግማሽ ማራቶን። 21 ሮቦቶች ከሰው ጎን በተከለለ መስመር ተሰለፉ። የጨረሱት 6 ናቸው። አንደኛ የወጣው ቲየንጎንግ አልትራ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ ፈጀበት። መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ባትሪ ቀየሩለት። ከፊቱ ደግሞ አንድ ሰው ምልክት የሚሰጥ መሣሪያ ጀርባው ላይ አዝሎ ይሮጥለት ነበር። ልብ በል፣ ሰውዬው ከፊቱ ነው የሚሮጠው! ከአሸናፊው ፊት የሮጠውን ሰው ማን ሸለመው? ማንም።

የሰዎቹን ውድድርስ ማን ወሰደ? በወንዶች ኤልያስ ደስታ፣ 1 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ገደማ። በሴቶችም ኢትዮጵያዊት። ከዩጋንዳ ጎረቤቶቻችን ጋር በግማሽ ማራቶን የተጣላነው በስንት እንደነበር ታውቃለህ? የነሱው ጃኮብ ኪፕሊሞ በ2021 ሊዝበን ላይ 57 ደቂቃ ከ31። የኛው ዮሚፍ ቀጄልቻ በ2024 ቫሌንሲያ ላይ 57 ደቂቃ ከ30። አንድ ሰከንድ! እኛ በሰከንድ ስንጣላ ያንተ ጀግና ባትሪ ይቀይር ነበር። ነገ ቢፈጥን ይፍጠን፣ አልቀናም። መኪናም ከኔ ይፈጥናል፤ ሜዳሊያ አልሸለምኩትም።

«ኦፕሬተር ካለማ እንዴት ይወድቃል?» አልክ። ወይ ጥያቄ! በኖቬምበር 2025 ሞስኮ ላይ አይዶል የተባለ ሮቦት በሮኪ ፊልም ሙዚቃ ታጅቦ ወጣ። እጁን አወዛወዘ፣ ሁለት እርምጃ ተንገዳገደ፣ በግንባሩ ተደፋ። አስተናጋጆቹ ሮጠው ጥቁር ጨርቅ ጋረዱበት። ይህኛውን አምንልሃለሁ፤ በራሱ ወደቀ። በዲሴምበር ግን ማያሚ ላይ ኦፕቲመስ ውሃ ሲያድል ጠርሙሶቹን ገለበጠ፣ ሁለት እጁን ወደ ጭንቅላቱ አነሳ፣ የሌለ መነጽር የሚያወልቅ መሰለ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ተገነደሰ። ያየ ሁሉ «ኦፕሬተሩ መነጽሩን አውልቆ ሄደ!» አለ። እንዲያ ከሆነ የሞስኮው ይሻላል፤ የማያሚው መውደቁን እንኳ በሰው ነው የወደቀ።

አሁን ፊትህን አዙረህ ምን አልክ? «እንግዲያው ሁሉም ውሸት ነው፤ ኤአይ የሚባል ነገር የለም።» ያዙልኝ! ሰውዬውን ከገደሉ በአንድ በኩል አዳንነው ስንል በሌላ በኩል ዘለለ። ፍሬን የለህም እንዴ?

ስማ። መቆምና መራመዱ በአብዛኛው እውነት ነው። ሮቦቶቹ ኮምፒዩተር ውስጥ በተፈጠረ ሜዳ ስፍር ቁጥር የሌለው ጊዜ እየወደቁ፣ እየተነሱ ሚዛን ተምረዋል። ማንም በመነጽር ጉልበታቸውን አያጥፍላቸውም። ጭፈራውም አብዛኛው በቅድሚያ የተለማመዱት ነው። የከበደው እጁ ነው። ማሽን ሻምፒዮኑን ካስፓሮቭን በቼዝ ያሸነፈው በ1997 ነው፤ ከቱርካዊው ሣጥን 227 ዓመት በኋላ፣ በዚህ ጊዜ ውስጡ ሰው ሳይኖር። ሸሚዝ ግን እስከ ቅርብ ጊዜ አቃተው። ለሰው የከበደው ለማሽን ቀለለ፣ ለሰው የቀለለው ለማሽን ከበደ። አንተ ብቻ ነህ ሁለቱም የከበዱህ።

«ኤአይ የለም» ያልከውን ደግሞ ማከሬሬ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ቆመህ በለው። ከዚህ ሩቅ አይደለም፣ ቦዳ ያደርስሃል። ተመራማሪዎቹ ስልክ ማይክሮስኮፕ ላይ ገጥመው የደም ናሙና ውስጥ ወባ የሚለይ ሶፍትዌር ሠርተዋል። የካሳቫ ቅጠል ፎቶ አይቶ በሽታውን የሚናገርም አላቸው። ኤርኮ የሚባለው ፕሮጀክታቸው የከተማውን አየር ብክለት የሚለካ መሣሪያ ቦዳ ቦዳ ላይ ሳይቀር አስሮ አዙሯል። እጅ የለው፣ እግር የለው፣ አይጨፍርም። ለዚህ ነው ያላመንክበት። አንተ ኤአይ መሆኑን የምታውቀው ወገቡን ሲነቀንቅ ነው።

«እሺ፣ ሰው ቢኖርስ ምን ይጎዳኛል? ሥራው እስከተሠራ ድረስ!» ይቺን ደግሞ ከየት አመጣሃት? ቆይ፣ ቤትህ ላስገባልህ። ዋን ኤክስ የሚባል ድርጅት ኒዮ የሚለውን የቤት ሮቦት በኦክቶበር 2025 ለቅድመ ግዢ አቀረበ። ዋጋው 20,000 ዶላር፤ በዩጋንዳ ሺሊንግ 70 ሚሊዮን ገደማ። ኪራይ ከመረጥክ በወር 499 ዶላር። የማያውቀው ሥራ ሲገጥመው የድርጅቱ ሠራተኛ መነጽር አጥልቆ፣ ባለቤቱ ሲፈቅድ፣ በሮቦቱ ዓይን እያየ ይሠራል። ይህን ራሳቸው ተናግረዋል፣ አልደበቁም። አንዲት የዎል ስትሪት ጆርናል ጋዜጠኛ ስትሞክረው ሥራውን በሙሉ የሠራው ከጀርባ ያለው ሰው ነበር። ሦስት ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ለመክተት አምስት ደቂቃ ገደማ ወሰደበት። ለሦስት ዕቃ! እናትህ በዚያ ጊዜ ለሠርግ ታጥባለች።

ነገሩ ግን ፍጥነቱ አይደለም። ሐበሻ እንግዳ ሲመጣበት ጓዳውን በመጋረጃ ይከልላል። አንተ እንግዳውን ጓዳ አስገብተህ፣ ካሜራ አስይዘህ፣ ያልታጠበ ካልሲህን አስጎብኝተህ፣ በወር 499 ዶላር የምትከፍለውም አንተው ነህ! ቤተ ዘመድ መጥቶ «ማነው ይሄ?» ቢልህ ምን ትላለህ? «ብረት ነው፣ ግን ሰው ነው፣ ስሙን አላውቅም፣ የት እንዳለ አላውቅም፣ ዓይኑ ግን እዚህ ነው።» ጸበል ይወስዱሃል።

ደግሞ ልዩነቱ ያለው መደበቁ ላይ ነው። ቶኪዮ ውስጥ ዶን የሚባል ካፌ በ2021 ተከፍቷል። አስተናጋጆቹ ኦሪሂሜ የሚባሉ ትንንሽ ሮቦቶች ናቸው። የሚያንቀሳቅሷቸው አካል ጉዳተኞችና ከአልጋ መነሳት የማይችሉ ሰዎች ናቸው፣ ከየቤታቸው። ደንበኛው ያውቃል። ከሮቦቱ ጀርባ ካለው ሰው ጋር ያወራል፣ ይስቃል፣ ቡናውን ይቀበላል። አስማቱ ሰውየው ነው! ማንም አላፈረም። እዚያው ቶኪዮ ደግሞ የመንደር ሱቅ መደርደሪያ ላይ መጠጥ የሚደረድሩ ሮቦቶች አሉ። ጠርሙስ ሲወድቅባቸው ገብቶ የሚያነሳላቸው ሰው የት ነው? ማኒላ፣ ፊሊፒንስ! እጁ ጃፓን ገባ፣ ባለ እጁ ቪዛ አላገኘም። ደሞዙም የሚከፈለው በማኒላ ሒሳብ ነው።

ገባህ? አልገባህም። እጅህን አውጣና ቁጠር። «ሮቦቱ በራሱ ነው» ሲባል የሚጠፋው ማነው? ሰውዬው ነው። ሰውዬው ከጠፋ ስሙን ማን ይጠይቃል? ደሞዙንስ? ሰዓቱንስ? ስለ ማኒላ ብቻ አይደለም። እዚሁ ሰሜን ዩጋንዳ፣ ጉሉ ላይ፣ ሳማ የተባለው ድርጅት የቀጠራቸው ወጣቶች ለዓመታት ፎቶ ላይ መኪናውን፣ እግረኛውን፣ ዛፉን እየከበቡ ለማሽን ማስተማሪያ ሲያዘጋጁ ኖረዋል። ሩቅ አገር ያለ ሰው «ማሽኑ እግረኛ አወቀ!» ብሎ ያጨበጭባል። ጉሉ ያለችው ልጅ ናት ያሳወቀችው። አንተ ግን አህያውን ፈርተህ ዳውላውን ትደበድባለህ፦ ሮቦቱን ትሰድባለህ፣ ሮቦቱን ታመሰግናለህ፣ ሮቦቱን ትፈራለህ። ባለቤቱ ኪሱን እየዳበሰ ይስቃል።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ቪዲዮ ሲልኩልህ ሥራ ልስጥህ፤ ሥራ ፈት ነህና ጊዜ አለህ። አንደኛ፣ ተፋጥኖ እንደሆነ እይ፤ ከጀርባ ያለ ሰው እንደ ጉንዳን ከሮጠ ተፋጥኗል። ሁለተኛ፣ ተቆርጦ ተቀጥሎ እንደሆነ እይ። ሦስተኛ፣ ከፊቱ ያልጠበቀውን ነገር ያስቀመጠለት ሰው አለ? የተጠና ሸሚዝ ሳይሆን ነጠላ ይስጡት። ነጠላን ከነጥለቱ ካጠፈ እኔ ራሴ እሰግድለታለሁ። አራተኛ፣ አጠገቡ መቆጣጠሪያ የያዘ፣ ስልክ የሚነካካ የሚመስል ዝምተኛ ልጅ አለ? አምስተኛና ዋናው፣ ሠሪዎቹን በግልጽ ጠይቅ፦ ሰውዬው የት ነው? ስንቱን እሱ ሠራ፣ ስንቱን ሮቦቱ? ሐቀኛው ይነግርሃል። ስታንፎርዶች በጃንዋሪ 2024 ሞባይል አሎሃ የሚባል ምግብ የሚያበስል ሮቦት ሲያሳዩ የትኛውን ሰው እንደነዳው፣ የትኛውን በራሱ እንደሠራው ለይተው ጻፉ፤ የደፋውንና የሰበረውን ሳይቀር በቪዲዮ አወጡት። ያ ነው ጀግና። ብርጭቆ ሰብሮ ማመን ያንተ ቤት ልጆች እንኳ አልቻሉበትም፤ ድመቷ ናት ይላሉ።

ምን? ምን አልክ? ጮክ በል፣ ዳኞቹ ይስሙ። «ሮቦት ሥራዬን ቢወስድብኝስ?» አልክ?

የኔ ወንድም፣ በዚህስ ተኛ። ሮቦት ሥራህን ሊወስድ መጀመሪያ ሥራ መኖር አለበት። ደግሞ ላንተ የሚመደበው ኦፕሬተር ታድሎ! መነጽሩን ያጠልቃል፣ ጓንቱን ያደርጋል፣ ያንተን የቀን ውሎ ይቀበላል፤ ከዚያ እግሩን ዘርግቶ ያንኮራፋል። ቀኑን ሙሉ ልክ አንተን ይመስላል። ያኔ ማንም «ኦፕሬተር አለው» ብሎ አይጠረጥርህም።